እየሄዱ ዒላማ መምታት፦ ሳሎን ውስጥ የሚጀመር የሽጉጥ ስፖርት ልምምድ

በውድድር ቪዲዮ ላይ ተወዳዳሪው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየሄደ ሦስት አራት ዒላማ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲመታ ታያላችሁ። ላይኛው አካሉ አይነቃነቅም። ቀላል ይመስላል። ራሳችሁ ስትሞክሩት ግን ማነጣጠሪያው በእያንዳንዱ እርምጃ ይዘላል። ያኔ ሁሉም ሰው ጥፋቱን እጁ ላይ ይፈልጋል። አያያዙን ይቀይራል፣ እጀታውን ጨምቆ ይይዛል፣ ትንፋሹን ያፍናል። ዝላዩ የሚመጣው ግን ከታች ነው፤ ከተረከዝ፣ ከጉልበትና ከዳሌ።

ስለዚህ ይሄ መመሪያ ስለ ሽጉጥ ከሚያወራው በላይ ስለ እግር ያወራል። ለእኛ ለመሀል አዲስ አበባ ሰዎች ይሄ ይመቸናል። ጥይት ውድ ነው። የተፈቀደ የተኩስ ሜዳም ከቤት ወጣ ብለው የሚደርሱበት ነገር አይደለም። እግር ግን ያለ ጥይት ይሠለጥናል። አንድ ክፍል፣ ኮሪደርና ደረጃ ካላችሁ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ።

ስለ የትኛው ስፖርት ነው የምናወራው?

ኦሎምፒክ ላይ የምናየው የአየር ሽጉጥ ውድድር ቆሞ የሚተኮስ ነው። ርቀቱ 10 ሜትር ነው። ተወዳዳሪው በአንድ እጁ ይይዛል፣ ጊዜ ወስዶ ይተኩሳል። የእኛ ርዕስ ፕራክቲካል ሹቲንግ የሚባለው ነው። ዓለም አቀፉ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ አይፒኤስሲ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 አሜሪካ ውስጥ፣ በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበር። እዚህ ተወዳዳሪው በተሠሩለት ግድግዳዎች፣ በሮችና መስኮቶች መካከል እየተንቀሳቀሰ የወረቀትና የብረት ዒላማ ይመታል። እያንዳንዱ የተዘጋጀ ፈተና ስቴጅ ይባላል።

የነጥብ አቆጣጠሩን ማወቅ የግድ ነው፤ ልምምዱ በሙሉ ከእሱ ይነሳል። ወረቀቱ ላይ ሦስት ክልል አለ፦ አልፋ፣ ቻርሊና ዴልታ። ማይነር በሚባለው የጥይት ኃይል ምድብ አልፋ 5፣ ቻርሊ 3፣ ዴልታ 1 ነጥብ ያሰጣል። የሳተ ጥይት 10 ነጥብ ያስቀንሳል። ድምሩ ስቴጁ ለወሰደባችሁ ሰከንድ ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ሂት ፋክተር ይባላል።

ስምንት ጥይት የሚጠይቅ ስቴጅ እንውሰድ። ሙሉ ነጥቡ 40 ነው። አንዱ ቆም እያለ ስምንቱንም አልፋ መታ፤ 8 ሰከንድ ፈጀበት። 40 ለ8 ሲካፈል 5 ነው። ሁለተኛዋ እየሄደች ስድስት አልፋና ሁለት ቻርሊ መታች፤ 36 ነጥብ በ7 ሰከንድ። 5.14 ደረሰች፤ በለጠችው። ሦስተኛው ሮጠ። በ6.5 ሰከንድ ጨረሰ፤ ሰባት አልፋ አገኘ፣ አንዱን ሳተ። ከ35 ላይ 10 ሲቀነስ 25 ይቀራል። ለ6.5 ሲካፈል 3.85 ነው። ከሦስቱ ፈጣኑ እሱ ነበር፤ መጨረሻ የወጣውም እሱ ነው።

እየሄዱ በመተኮስ የሚገኘው ትርፍ አብዛኛውን ጊዜ ይቺው አንድ ሰከንድ ገደማ ናት። አንድ የሳተ ጥይት ትርፉን ከነዋናው ይበላዋል።

ከሁሉ በፊት ሕጉ

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይቻልም። «ለስፖርት ነው» የሚል መልስ ፍተሻ ላይ አያድንም። እውነተኛ ተኩስ የሚደረገው በተፈቀደ ሜዳ፣ ኃላፊነት ያለው ሰው ባለበት ብቻ ነው። ሜዳ የማግኘት ዕድሉ ከሌላችሁ «ሜዳ ላይ» ከሚለው ጀምሮ ያለውን ለጊዜው ዝለሉት። ቀሪው ብቻውን በቂ ሥራ አለው።

የቤቱን ልምምድ በሽጉጥ አታድርጉት። ፈቃድ ያላችሁም ብትሆኑ ይሄን እመክራለሁ። መሣሪያውን ባዶ አድርጌዋለሁ ብሎ ግድግዳ የበሳ ሰው በየአገሩ አለ። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት አልጋ ነው ያለው። እንደ አሻንጉሊት ሽጉጥ ያለ ነገርም ይቅርባችሁ። ጎረቤት በመስኮት አይቶ ፖሊስ ቢጠራ ጥፋቱ የእሱ አይሆንም።

የእኔ ምርጫ የመስታወት ማጽጃ መርጫ ጠርሙስ ነው። በእያንዳንዱ ቤት አለ። በሌባ ጣት የሚሳብ ቃታ አለው። ሽጉጥ ነው ብሎ የሚደነግጥበት ሰው የለም። በደንብ አጥባችሁ ውሃ ሙሉበት። ውስጥ ያለችውን ቀጭን ቱቦ ነቅላችሁ አውጡ። ያኔ ቃታው ይሠራል፣ ውሃ ግን አይረጭም። ክብደቱን በውሃው መጠን ታስተካክላላችሁ። ለውድድር የሚመረጠው ሲዜድ ሻዶው 2 የሚባል ሽጉጥ ባዶውን 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ጠርሙሱ ከበደኝ ብላችሁ አታማርሩ።

ደረጃ አንድ፦ አቋቋም

እግራችሁን በትከሻ ስፋት ልክ ክፈቱ። ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ቁጭ ልትሉ አስባችሁ ሐሳባችሁን እንደለወጣችሁ ያህል። ዳሌ ዝቅ ይበል። ደረት ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል። ጠርሙሱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ዓይናችሁ ፊት ዘርጉት። ክርን ሙሉ በሙሉ አይቆለፍ፤ የተቆለፈ ክርን የእግሩን ንዝረት በቀጥታ ወደ እጅ ያሳልፋል። የማይተኩሰው እጅ ጠንከር ብሎ ይያዝ፤ የሚተኩሰው እጅ ጣቱን እንደልቡ እንዲያንቀሳቅስ ለቀቅ ይበል።

እዚያው ቁጭ ብድግ ሳትሉ ለአንድ ደቂቃ ቆዩ። ጭን ይንቀጠቀጣል። ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኛው ሰው በዚህ ከፍታ ላይ መቆየት ስለማይችል ነው ስቴጁ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ መራመድ የሚጀምረው። ቀጥ ሲል ደግሞ ማነጣጠሪያው መዝለል ይጀምራል። የጭን ጥንካሬ ለዚህ ስፖርት እንደ ትርፍ ነገር አይቆጠር።

ደረጃ ሁለት፦ እርምጃ

ፒያሳ ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ አስተናጋጁ አፉ ድረስ የሞላ ማኪያቶ ይዞ በሰው መካከል ሲያልፍ ተመልከቱት። ጠብ አይልም። እርምጃው አጭር ነው። ጉልበቱ ሁልጊዜ ትንሽ እንደታጠፈ ነው። ስኒውን አያይም፤ ዓይኑ የሚሄድበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የምንፈልገው ይሄንኑ ነው።

አንድ ብርጭቆ ውሃ ከአፉ ጣት ያህል ጎደል አድርጋችሁ ሙሉ። በሁለት እጅ ይዛችሁ ዓይን ከፍታ ላይ ዘርጉት። ወደ ፊት ስትሄዱ ተረከዝ ቀድሞ ይረፍ፤ ከዚያ መርገጫው ቀስ ብሎ እስከ ጣት ይንከባለል። እግር አይጣል፤ ይቀመጥ። እርምጃው ከተለመደው አካሄዳችሁ ግማሽ ያህል ይጠር። ከክፍሉ ዳር እስከ ዳር ሂዱና ውሃው መፍሰስ አለመፍሰሱን እዩ። ካልፈሰሰ ፍጥነት ጨምሩ። ከፈሰሰ ፍጥነቱን ከመቀነሳችሁ በፊት ጉልበታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው እሱ ነው። ሴራሚክ ወለል ከሆነ ፎጣ አጠገባችሁ ይኑር፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ መውደቅ ቀልድ አይደለም።

ወደ ጎን መሄድ ከዚህ ይከብዳል። የእግር ጣቶች ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ይዙሩ፤ ወገብ ደግሞ ተጠምዝዞ ላይኛው አካል ወደ ዒላማው ይመልከት። ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ የሚያደርገው እግሩንም ደረቱንም ወደ ዒላማው አድርጎ እንደ ሸርጣን መሄድ ነው። በአጭር ርቀት ያስኬዳል፤ ከሁለት ሦስት እርምጃ በላይ ግን ያንገጫግጫል። ወገባችሁ አልጠመዘዝ ካለ ጥፋቱ ተቀምጦ የመዋል ነው። ጠዋት ጠዋት አፍታቱት።

ወደ ኋላ መሄድ በውድድር ብዙም አያጋጥምም። የሚያጋጥማችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ጣት ቀድሞ ያርፋል፣ ተረከዝ ይከተላል። ቤት ውስጥ ምንጣፍና የሕፃን መጫወቻ አንሱ። ሌላ የምለው የለም።

መስቀል አደባባይ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ምን ያህል ሰው እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ። በእርከኖቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር፣ ከዚያ አንድ እርከን ወደ ላይ፣ ደግሞ ወደ ዳር። ለእኛ ልምምድ የተሠራ ነው የሚመስለው። እርከኑ ላይ በተለመደው ፍጥነት ሮጡ፤ ትንፋሻችሁ ሲከብድ አንድ የውሃ ኩባያ በሁለት እጅ ይዛችሁ በአቋቋማችሁ ተራመዱ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሳንባ ቶሎ ይጮሃል። ስቴጅ ላይ የሚያጋጥማችሁ ትንፋሽ ደግሞ ይሄው የሚጮኸው ነው።

ትንፋሽ አታፍኑ። ቆሞ ተኳሽ ትንፋሹን ለአፍታ ሊይዝ ይችላል፤ ተንቀሳቃሽ ተኳሽ ሲይዝ ትከሻው ይወጠራል፣ እርምጃውም ይደርቃል። በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ በአፍ ወደ ውጭ፣ ሳታቆሙ ሂዱ።

እዚያ ስትሄዱ መርጫ ጠርሙሱን ቤት ተዉት። ኩባያ ይዞ በዝግታ የሚራመድን ሰው ቢበዛ «ምን ነካው?» ይሉታል። በሁለት እጅ አነጣጥሮ የሚሄድን ሰው ግን ማንም በቅን አያየውም። እሑድ መኪና በማይገባባቸው ጎዳናዎች ላይም እንደዚሁ ነው።

ደረጃ ሦስት፦ ቀይዋ ነጥብ

ይቺ የምወዳት ልምምድ ናት፤ ረጋ ብላችሁ ሥሯት። መንገድ ላይ በርካሽ የምትሸጠዋን የቁልፍ መያዣ ሌዘር ግዙ። መርጫ ጠርሙሱ ጫፍ ላይ በፕላስተር እሰሯት፤ ቁልፏም በፕላስተሩ ተጭኖ ይብራ። ማስጠንቀቂያው አጭር ነው፦ ወደ ሰው ዓይን፣ ወደ መስታወት፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ መስኮት አታብሯት። ልጆች ባሉበት አትሥሩት።

አሁን ዒላማ። የአይፒኤስሲ የወረቀት ዒላማ 45 በ57 ሳንቲሜትር ነው። የአልፋው ስፋት ወደ 15 ሳንቲሜትር ነው። ይህን ወደ ሲሶው ስታሳንሱት 15 በ19 ይሆናል። ግማሽ ኤፎር ወረቀት ማለት ነው፤ ከርዝመቱ ሁለት ሳንቲም ቆርጦ መጣል ብቻ ይቀራል። መሀሉ ላይ 5 በ10 ሳንቲም የሚሆን ሳጥን ሣሉ። ግድግዳው ላይ ለጥፉና 3 ሜትር ራቁ። ለዓይናችሁ 9 ሜትር ላይ እንደቆመ ሙሉ ዒላማ ነው። ሳሎኑ ትንሽ ነው የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ አበቃ።

በአቋቋማችሁ ወደ ጎን ሂዱ፤ ቀይዋን ነጥብ ሳጥኑ ውስጥ ለማቆየት ሞክሩ። ስልካችሁን ከኋላ አስደግፋችሁ ግድግዳውን ቅረጹት። ከዚያ ቪዲዮውን አቀዝቅዛችሁ እዩ። ነጥቧ ሁሉንም ትናገራለች። ወደ ላይና ወደ ታች የምትዘል ከሆነ ጉልበታችሁ ቀጥ ብሏል ወይም ተረከዛችሁን ትጥላላችሁ። ወደ ግራና ቀኝ የምትወዛወዝ ከሆነ እርምጃችሁ ረዝሟል። ልትነሱ ስትሉ ብቻ የምታመልጥ ከሆነ ከኋላ እግራችሁ አጥብቃችሁ ትገፋላችሁ። መሀል ላይ ደህና ሆና መጨረሻ ላይ የምትወርድ ከሆነ እጃችሁ ደክሟል፤ አርፉ።

ነጥቧ ፈጽሞ አትቆምም። የዓለም ሻምፒዮን እጅ ላይም አትቆምም። የሚፈለገው ውዝዋዜው ሳጥኑ ውስጥ እንዲቀር ነው። ይህን ያልተቀበለ ሰው ነጥቧ ስትቆም እየጠበቀ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ቃታው

ጀማሪዎች ሁሉ የሚወድቁበት ወጥመድ እዚህ ነው። ማነጣጠሪያው በሁለት እርምጃ መካከል ለአፍታ ረጋ እንደሚል ያስተውላሉ። ከዚያ ያቺን አፍታ እየጠበቁ ቃታ መሳብ ይጀምራሉ። ብልህ ሐሳብ ይመስላል። ችግሩ ያቺ አፍታ ስትመጣ ጣቱ «አሁን!» ብሎ መንጨቁ ነው። የተነጨቀ ቃታ ደግሞ ከእርምጃው ዝላይ በላይ ጥይቱን ያስታል።

ስለዚህ እርምጃችሁን እርሱት። ነጥቧ ሳጥኑ ውስጥ እስካለች ድረስ ቃታውን ያለማቋረጥ፣ በእኩል ግፊት ሳቡ። ግራ እግር ይረፍ ቀኝ እግር ይረፍ አያገባችሁም። ለማለማመድ ሌላ ሰው ይርዳችሁ፤ እህታችሁ ወይም ወንድማችሁ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ባልታሰበ ጊዜ ያጨብጭቡ። ባጨበጨቡ ቁጥር መርጫውን ሳቡ። ነጥቧ በሳባችሁበት ቅጽበት የት እንደነበረች ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ውስጥ»፣ «ግራ»፣ «ታች»። ከዚያ ቪዲዮው ላይ አረጋግጡ። ጥይቱ የት እንደሄደ ወረቀቱን ሳያዩ ማወቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስቴጅ ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው ሦስተኛ ጥይት መጨመር አለመጨመሩን እዚያው ይወስናል።

የብረት ማነጣጠሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ዓይናችሁ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ይሁን፤ ቅርብ ላለ ሰፊ ዒላማ ግን ዒላማውን እያዩ መተኮስም ይቻላል። ሬድ ዶት፣ ማለትም መስታወቱ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ፣ ከሆነ ዓይን ምንጊዜም ዒላማው ላይ ነው። ወረቀቱን በደምሳሳው አትመልከቱ፤ አንዲት ቦታ ምረጡ፣ የመዥገር ያህል ትንሽ።

ሲገቡና ሲወጡ

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ሰከንድ የሚገኘው እየሄዱ ከመተኮሱ በላይ ወደ ቦታ ከመግባትና ከቦታ ከመውጣት ነው። ቪዲዮ ላይ ስለማያምር ሰው ይንቀዋል።

ወለሉ ላይ በፕላስተር ሁለት ሳጥን ሥሩ፤ ጎናቸው አንድ ሜትር፣ መካከላቸው አራት እርምጃ ያህል ይሁን። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ዒላማ ለጥፉ። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ስትገቡ የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች አሳጥሩ፣ ዳሌ ዝቅ ይበል። ጠርሙሱ እግራችሁ ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዓይናችሁ ፊት ይገኝ። አብዛኛው ሰው ይደርሳል፣ ይቆማል፣ ያነሳል፣ ያነጣጥራል፣ ይስባል። አምስት ነገር በተራ። እናንተ ሁለተኛው እግር ገና ሳያርፍ ነጥቧ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነች ሳቡ።

ሲወጡ ደግሞ የመጨረሻውን ጥይት እየተኮሳችሁ ክብደታችሁ ወደምትሄዱበት ተቃራኒ እግር ላይ መውደቅ ይጀምር፤ እሱ ነው የሚገፋችሁ። ዓይን ቀድሞ ይውጣ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እውነት ነው፤ ግን ከመጨረሻው ጥይት በኋላ። ጥይቱ ሳይወጣ ዓይኑን ያነሳ ሰው ያቺን ጥይት ዴልታ ላይ ያገኛታል።

መካከሉ ረጅም ከሆነ፣ ሦስት አራት ሜትር ካለፈ፣ ለመተኮስ አትሞክሩ። ሩጡ። ጠርሙሱን ወደ ደረት ሰብስቡት፣ አንድ እጅ ለሩጫው ይለቀቅ። ሌባ ጣት ከቃታ ክልሉ ውጭ ቀጥ ብሎ ይታይ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ በመርጫ ጠርሙስም ቢሆን ጠብቁት። በውድድር ሕጉ እየተንቀሳቀሰ፣ ሳያነጣጥር ጣቱ ቃታ ላይ የተገኘ ተወዳዳሪ ከውድድሩ ይባረራል። ክርክር የለውም።

አፈሙዝም እንደዚሁ ነው። በአይፒኤስሲ ሕግ መሠረታዊው ገደብ ከፊት መስመር ወደ ግራና ቀኝ 90 ዲግሪ ነው። ካለፈ መባረር ነው። ቀኝ እጅ የሆነ ተኳሽ በተለይ ከቀኝ ወደ ግራ እየሮጠ ካዝና፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ ሲቀይር ይጠንቀቅ። ሰውነቱ ወደ ግራ ዞሯል። ካዝና ሲቀይር ደግሞ አፈሙዙ በልምድ ወደ ግራው ያዘነብላል። ሁለቱ ሲደመሩ አፈሙዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ዳኛውና ወደ ተመልካቹ ይዞራል። ሳሎን ውስጥ የኋላውን ግድግዳ «ሰው የቆመበት» ብላችሁ ሰይሙትና ጠርሙሱ ጫፍ ወደዚያ እንዳይዞር በቪዲዮ ተከታተሉ።

ሜዳ ላይ

እዚህ ስትደርሱ እግራችሁ ሥራውን ያውቃል። ጥይት የሚጨምረው ድምፅንና የሽጉጡን ወደ ኋላ መግፋት ነው።

የጆሮና የዓይን መከላከያ ከመኪና እንደወረዳችሁ ይደረግ። መሣሪያ ሳይታዘዙ አይነካም። ትእዛዞቹ በዓለም ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸውና ጆሮአችሁ ይልመዳቸው። «ሎድ ኤንድ ሜክ ሬዲ» ሲባል ታጎርሳላችሁ። «አር ዩ ሬዲ»፣ «ስታንድ ባይ»፣ ከዚያ የታይመሩ ጩኸት። ስትጨርሱ «ኢፍ ዩ አር ፊኒሽድ፣ አንሎድ ኤንድ ሾው ክሊር»። ባዶ መሆኑን ለሬንጅ ኦፊሰሩ፣ ማለትም ለሜዳው ዳኛ፣ ታሳያላችሁ።

መጀመሪያ ቆማችሁ ተኩሱ። ከ7 ሜትር አሥር ጥይት፣ ያለ ጥድፊያ። ስንቱ አልፋ እንደሆነ ጻፉ። መለኪያችሁ ይሄ ነው። ቆሞ ከአሥር ስምንት አልፋ የማይመታ ሰው እየሄደ ለመተኮስ ገና ነው፤ ጥይቱን በቆመበት ይጨርስ።

ቀጥሎ ባዶውን መሣሪያ ይዛችሁ፣ ኦፊሰሩ ከኋላ እየተከተላችሁ፣ መንገዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሂዱ። ከዚያ አንድ ጥይት ብቻ፤ ከ10 ሜትር እስከ 7 ሜትር እየሄዳችሁ አንድ ዒላማ ላይ አንድ ጊዜ ተኩሱ። አራግፉ፣ ተመለሱ፣ ድገሙ። አሰልቺ ነው። ግን ጥይት የሚቆጥበው ይሄ ነው፤ እያንዳንዷ ጥይት ከአንድ ሙሉ እርምጃ ሰንሰለት ጋር ትመዘገባለችና። አንዷ ስትይዝ ሁለት ጥይት፣ ከዚያ ሁለት ዒላማ፣ ከዚያ ወደ ጎን። ታይመሩን የምታወጡት በመጨረሻ ነው።

እየሄዳችሁ የምታገኙት አልፋ ከቆማችሁበት በአንድ ወይም በሁለት ቢያንስ ጤነኛ ነው። ግማሽ ከወረደ ፍጥነታችሁ ከአቅማችሁ በላይ ነው። እርምጃውን አዝግሙት፤ ቃታውን አትንኩት።

የብረት ዒላማ ካለ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። ብረት ከ7 ሜትር ባነሰ ርቀት አይተኮስም፤ የጥይት ስብርባሪ ይመለሳል። ቆሞ ለሚተኩስ ሰው ይህን ማክበር ቀላል ነው። ወደ ፊት እየሄደ የሚተኩስ ሰው ግን ሳያውቀው ያልፈዋል። መሬት ላይ ደማቅ ገመድ ዘርጉና ከዚያ ወዲህ ብረት የለም በሉ።

መቆም የሚያዋጣው መቼ ነው?

የእኔ መስፈርት እንዲህ ነው። ዒላማው ቅርብና ሙሉ ከሆነ፣ 7 ወይም 10 ሜትር ድረስ፣ እና መንገዴ ላይ ከሆነ እየሄድኩ። ግማሹ በነጭ፣ መመታት በሌለበት ዒላማ ከተሸፈነ መቆም። 15 ሜትር ከራቀ መቆም። ትንሽ ብረት ከሆነ መቆም፤ ካልወደቀ ድጋሚ መተኮስ ስላለ ሰዓቱ ከነትርፉ ይሄዳል። ከአንድ ቦታ አራት አምስት ዒላማ የሚታይ ከሆነም መቆም ይሻላል። ሌላው ሁሉ በልምምድ ደብተራችሁ ይወሰናል። ያንኑ ትንሽ ስቴጅ አንድ ጊዜ ቆም እያላችሁ፣ አንድ ጊዜ እየሄዳችሁ ተኩሱና ሁለቱንም ሂት ፋክተር አስሉ። ቁጥሩ ያለውን ተቀበሉ፤ የጓደኛ ቪዲዮ ያለውን ተዉት።

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የሄዳችሁበትን አቅጣጫ፣ አልፋውን፣ ሰከንዱንና ነጥቧ የት እንደምታመልጥ ጻፉ። ብዙ ሰው አንደኛው አቅጣጫ ላይ ሁልጊዜ ይደክማል። የእናንተን ስታገኙት የሚቀጥለው ሳምንት የሳሎን ልምምድ ተገኘ ማለት ነው።

ከሜዳ ስትመለሱ እጃችሁንና ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። የተኩስ ጭስና የጥይት እርሳስ ቆዳ ላይ ይቀራል። እንጀራ የሚቆረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ የለበሳችሁትም ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ለብቻው ይታጠብ።